በኮሎኖስኮፒ ወደ ትልቁ አንጀት የሚገባ የሕክምና ቱቦ፦ ለእኅቴ የቀረበላት ሐሳብ ምን ያህል የታመነ ነው?

ሰሜን_ኮከብ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታናሽ እኅቴ በቻይና ናንጂንግ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷን በመከታተል ላይ ትገኛለች። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት እንዳለባት ከታወቀ ቆይቷል፤ መጀመሪያ በፊንጢጣ አካባቢ ብቻ የነበረው ሕመም በመጨረሻው ምርመራ መላውን ትልቁን አንጀት ይዞ ተገኝቷል። ሜሳላዚን የተባለውን የአንጀት ቁጣ ማብረጃ በአፍም በኢኒማም (በፊንጢጣ በሚገባ ፈሳሽ) ትወስዳለች፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ሲጨመርላት ደሙ ይቆማል፣ መጠኑ ሲቀነስ ግን ተመልሶ ይመጣል። አሁን ሐኪሞቿ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው የምርመራ መሣሪያ፣ አማካይነት ቀጭን ቱቦ እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ ድረስ አስገብተው በክሊፕ ካጣበቁ በኋላ ጫፉን በፊንጢጣ በኩል አውጥተው፣ ለአንድ ሳምንት ገደማ «የታጠበ» የጤናማ ሰው የአንጀት ባክቴሪያና መድኃኒት በዚያው በኩል ሊሰጧት ሐሳብ አቅርበውላታል።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ቤተሰቡ ግን አንተ ጠይቀህ ንገረን ብሎኛል። ኢኒማ እያለ ቱቦው ለምን አስፈለገ? በአንጀት ግድግዳ ላይ ክሊፕ መንከስስ አይጎዳም? ሕክምናው የተረጋገጠ ነው ወይስ ሙከራ ነው? ሙያው ያላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሐኪም_ዘአዲስ

ሰሜን ኮከብ፣ እኅትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ኮሎኖስኮፒ የዕለት ሥራዬ ነው። ይህን ቱቦ በእጄ አስገብቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ስለ አሠራሩ የምጽፈው ከታተሙ የሕክምና ጽሑፎች ያገኘሁትን ነው።

ዘዴው ኮሎኒክ ትራንስኢንዶስኮፒክ ኢንተራል ቲዩቢንግ ይባላል። የፈለቀውም እኅትዎ ባሉበት ከተማ፣ በናንጂንግ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ተባባሪ ሆስፒታል በሚሠሩት በፕሮፌሰር ፋሚንግ ዣንግና በባልደረቦቻቸው ነው። የመጀመሪያው ሰፊ ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ የ54 ታካሚዎችን ውጤት አቅርቧል። ቱቦው 2.7 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.35 ሜትር ርዝመት አለው። ውፍረቱ በዚህ ልክ የተወሰነው በኮሎኖስኮፑ ውስጥ መሣሪያ በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.8 ሚሊሜትር በሚሆነው መተላለፊያ፣ ሳይጨናነቅ እንዲያልፍ ነው። ርዝመቱም ቢሆን ይበቃል፤ ምክንያቱም ትልቁ አንጀት ተዘርግቶ ሲለካ 1.5 ሜትር ያህል ቢሆንም ኮሎኖስኮፑ ሰብስቦ ሲያቀናው ከፊንጢጣ እስከ ሴከም ያለው ርቀት ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ሴከም የምንለው ትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ የሚገባበትን፣ ትርፍ አንጀትም የተንጠለጠለበትን በሆድ ቀኝ በኩል ያለውን መነሻ ነው።

አንጀቱ እንደ ማንኛውም ኮሎኖስኮፒ አስቀድሞ ይጸዳል። ሐኪሙ ሴከም ከደረሰ በኋላ ቱቦውን በመተላለፊያው ያሳልፍና ቱቦው ባለበት እንዲቀር እየገፋ ኮሎኖስኮፑን ቀስ ብሎ ያወጣል። ከዚያም ኮሎኖስኮፑን እንደገና ያስገባና በቱቦው ላይ የተዘጋጁትን የክር ቀለበቶች በትንንሽ የብረት ክሊፖች ከአንጀቱ እጥፋት ጋር ያያይዛል። ከፊንጢጣ የወጣው ጫፍ በመቀመጫ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ሕክምናው ሲያበቃ ቱቦው በዝግታ ተስቦ ይወጣል፤ በአንጀት ውስጥ የቀሩ ክሊፖችም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይረግፉና ከሰገራ ጋር ይወጣሉ።

ክሊፕን በተመለከተ ብዙ አይሥጉ። እኛ ፖሊፕ ቆርጠን ስናነሳና የሚደማ የደም ሥር ስንዘጋ በየጊዜው የምንጠቀምበት መሣሪያ ነው። የሚይዘው የላይኛውን ስስ ሽፋን ሲሆን ያ ሽፋን የሕመም ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ስለሌለው ታካሚው መነከሱን አያውቀውም። ሆኖም ክሊፑ የሚያርፍበት ቦታ በጥልቅ የቆሰለ ከሆነ፣ አንጀቱ ከመጠን በላይ ተነፍቶ የመቀደድ ሥጋት ካለ፣ ታካሚው በቀላሉ የሚደማ ከሆነ ወይም ፊንጢጣ አካባቢ የመግል እብጠት ወይም ፌስቱላ (በቁስል የተከፈተ ያልተለመደ ቀዳዳ) ካለ ሥራው ሊታለፍ ይገባል።

ኢኒማ ለምን አይበቃም ላሉት፦ ከታች የሚገባ ፈሳሽ ቢበዛ በግራ በኩል በጣፊያ አጠገብ እስካለው መታጠፊያ ይደርሳል፤ አረፋው ከዚያም በታች ይቀራል፣ ሱፖዚተሪ (በፊንጢጣ የሚገባ እንክብል) ደግሞ ሬክተምን፣ ማለትም የትልቁን አንጀት መጨረሻ፣ አያልፍም። የእኅትዎ ሕመም መላውን አንጀት ስለያዘ ቀኙ ክፍል ከኢኒማ የሚያገኘው ጥቅም የለም። በዚያ ላይ በሽታው ሲነሳ የቆጣው ሬክተም የገባለትን ፈሳሽ መያዝ ስለማይችል ታካሚው ወዲያው መጸዳጃ ቤት ይሮጣል። በቱቦው የሚገባው ግን ከላይ፣ ከሬክተም ርቆ ስለሚፈስስ ለመያዝ ይቀልላል፤ ታካሚው በቀኝ ጎኑ እንዲተኛ የሚደረገውም ፈሳሹ በዚያው በቀኝ በኩል እንዲቆይ ነው።

ነርስ_ከሜሪላንድ

ሐኪሙ የገለጹትን በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ ታካሚው ከአልጋው ተነሥቶ የሚጠይቀውን ልጨምር። በኢንዶስኮፒ ክፍል ስለምሠራ ብዙ ዓይነት ቱቦ ይዘው የሚኖሩ ሰዎችን አይቻለሁ። ሰዎችን ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ሰገራ መቀመጥና መታጠብ ነው። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ሰገራ መውጣትን አይከለክልም፤ ነገር ግን ስታብስ ወደ ታች እንዳትስበው አንድ እጇን በፕላስተሩ ላይ ማድረግ ይኖርባታል። ፕላስተሩ እርጥብ ሲሆን ይለቅቃልና ትርፍ ፕላስተር ትያዝ። ከእያንዳንዱ መድኃኒት በኋላ ቱቦው በጨው ውሃ ካልታጠበ ይደፈናል፤ ይህ የነርሷ ሥራ ቢሆንም እኅትሽ እንዳይረሳ ታስታውስ። ኪንታሮት ካላት አስቀድማ ትንገራቸው፤ ቱቦው ሲነካው ያሳክካል፣ አንዳንዴም ያማል።

«እኅትሽ» ያልሁት ሰሜን ኮከብ ሴት መስላኝ ነው፤ ወንድም ከሆንህ ይቅርታ።

ጠያቂ_አእምሮ

የሐኪሙን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤያለሁ። በመድኃኒት ጥናት ሥራ ላይ ያለሁ ፋርማሲስት ነኝ፤ ቱቦው ይገባል ወይ ለሚለው የተሰጠው መልስ አጥጋቢ ነው፣ ይጠቅማል ወይ የሚለው ግን ገና አልተነካም።

ወደ ቀኙ አንጀት ለመድረስ ቱቦ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ሜሳላዚን የአሲድ መጠን ሲለወጥ በሚሟሟ ሽፋን ተሸፍኖ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ እንዲፈታ ተደርጎ ይሠራል፤ ቡዴሶናይድም በመላው ትልቁ አንጀት ቀስ በቀስ የሚለቀቅ እንክብል ሆኖ ይገኛል። ለባክቴሪያውም ቢሆን በካናዳ የአልበርታ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል በተባለ፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ከባድ ተቅማጥ በሚያመጣ ባክቴሪያ በተደጋጋሚ የታመሙ 116 ሰዎችን ከፍለው ግማሹን በካፕሱል፣ ግማሹን በኮሎኖስኮፒ አክመው በሁለቱም ወገን 96.2 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ሳያገረሽባቸው ቀርቷል። በአፍ የሚዋጥ ካፕሱል ከኮሎኖስኮፒ ካላነሰ በፊንጢጣ ቱቦ ይዞ መሰንበት ለምን ያስፈልጋል?

ወደ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ስንመጣ ደግሞ ውጤቱ ራሱ መካከለኛ ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንታት የባክቴሪያ ኢኒማ ከወሰዱት 24 በመቶ፣ ውሃ ከተሰጣቸው 5 በመቶ ሕመሙ ጋብ አለላቸው። በአውስትራሊያ በ2017 በታተመው ጥናት ታካሚዎች አንድ ጊዜ በኮሎኖስኮፒ ከተሰጣቸው በኋላ በሳምንት አምስት ቀን ለስምንት ሳምንታት ኢኒማ ወስደው ባክቴሪያውን ከወሰዱት 27 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያው ወገን ደግሞ 8 በመቶ ሕመሙ ጋብ አለላቸው። ስምንት ሳምንት ነው! ቱቦው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይወጣል። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም በ2024 መመሪያው ይህ የባክቴሪያ ሕክምና ለአልሰሬቲቭ ኮላይቲስም ሆነ ክሮንስ ለተባለው ሌላው የአንጀት ቁጣ በሽታ ከጥናት ውጭ እንዳይሰጥ መክሯል።

ሌላም አለ። ስለ ቱቦው ከታተሙት ጽሑፎች አብዛኞቹ የወጡት ቱቦውን ከፈለሰፈው ቡድን ነው፤ ፕሮፌሰሩም የፈጠራው ባለቤት መሆናቸውን በጽሑፎቻቸው መጨረሻ ላይ ይገልጻሉ። ይህን መግለጻቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ አንባቢ ግን ሌሎች ማዕከሎች ያንኑ ውጤት ደግመው እስኪያሳዩ ድረስ ጥቂት መጠበቅ አለበት።

ሐኪም_ዘአዲስ

ጠያቂ አእምሮ፣ አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ በሁለት ነጥቦች ላይ ግን ልከራከርዎ።

አንደኛ፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልን ለዚህ ውይይት መለኪያ ማድረግ አይገባም። በዚያ በሽታ አንቲባዮቲክ ባዶ ያደረገውን አንጀት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ባክቴሪያ መመለስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኔዘርላንድስ በተሠራው ዝነኛ ጥናት ከ16ቱ ታካሚዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ድነዋል፤ የተሰጣቸውም በአፍንጫ በገባ ቱቦ ነበር። ስለዚህ ለእነርሱ የሚሰነብት የፊንጢጣ ቱቦ ትርፍ ድካም ነው፤ በዚህ አንለያይም። ኮላይቲስ ግን አንድ ጊዜ በመስጠት አይበገርም። እርስዎ የጠቀሷቸው ጥናቶች ሁሉ የተሳካላቸው በመደጋገም ነው። በየቀኑ ኮሎኖስኮፒ ማድረግ ደግሞ አይቻልም፤ አንጀት ማጽዳቱ፣ ማደንዘዣውና ወጪው አለ። ቱቦው የተፈለሰፈው አንድ ኮሎኖስኮፒ ለብዙ ቀን ሕክምና እንዲያገለግል ነው።

ሁለተኛ፣ ስምንቱን ሳምንት ብቻ አይያዙብን። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሌላ ጥናት 73 ሰዎችን ይዞ፣ ኦክስጅን እንዳይነካው ተደርጎ የተዘጋጀ የብዙ ለጋሾችን ባክቴሪያ በአንድ ኮሎኖስኮፒና በሁለት ኢኒማ፣ ሁሉንም በሰባት ቀን ውስጥ ሰጥቶ በስምንተኛው ሳምንት 32 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያው ወገን ግን 9 በመቶ ብቻ ሕመሙ ጋብ እንዳለላቸው አግኝቷል። የአንድ ሳምንት ሕክምና ከንቱ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ነገር ግን ቱቦው መንገድ ነው፤ ጭነቱ ደካማ ከሆነ መንገዱ አያጠነክረውም። ሜሳላዚን ያልረዳውን ሰው ሜሳላዚን በቱቦ ስለተሰጠው ብቻ ይድናል ብዬ አልጠብቅም።

ጠያቂ_አእምሮ

ዶክተር፣ የጠቀሱት የ2019 ጥናት እኮ ያንን ውጤት ያገኘው ያለ ቱቦ ነው። ኮሎኖስኮፒና ተራ ኢኒማ በቅቶታል።

ሐኪም_ዘአዲስ

ልክ ነዎት። ኢኒማውን መያዝ ለቻለ ታካሚ ቱቦው ግድ አይደለም፤ ክርክሩን የሚዘጋው ቱቦንና ተራ ኢኒማን በዕጣ አከፋፍሎ ጎን ለጎን የሚያወዳድር ጥናት ነው። እኔ የምደግፈው ኢኒማ መያዝ ላቃተው፣ ቀኙ አንጀቱ ለታመመ፣ በየቀኑም ሕክምና ለተወሰነለት ሰው ነው። ሰሜን ኮከብ፣ እኅትዎ የትኛው ናቸው?

ሰሜን_ኮከብ

ወንድሟ ነኝ፤ ነርሷንም ስለ ምክራቸው አመሰግናለሁ። እኅቴን ደውዬ ጠየቅኋት። ሲብስባት ኢኒማውን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መያዝ እንደማትችልና ይህንንም ለሐኪሞቿ ነግራቸው እንደማታውቅ ገለጸችልኝ፤ ማፈሯ ነው መሰለኝ። ሌላው የገረመኝ «የታጠበ» የሚለው ነው። ምኑ ነው የሚታጠበው?

ሐኪም_ዘአዲስ

የለጋሹ ሰገራ በጨው ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ በማሽን ተደጋግሞ ይጣራል፤ ከዚያም በሴንትሪፊዩጅ እየተሽከረከረና ጨው ውሃው እየተለወጠለት በተደጋጋሚ ይታጠባል። በዚህ መንገድ የምግብ ቅሪት፣ የጥገኛ ተሕዋስያን እንቁላል፣ ፈንገስና ትኩሳት የሚቀሰቅሱ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ። ቻይናውያኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ አሠራር የጋራ ስምምነት ሰነድ አውጥተዋል። ማጠቡ ግን የለጋሽ ምርመራን አይተካም። በዚያው በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሁለት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ በተገኘ ሰገራ መድኃኒት የተላመደ ኢ. ኮላይ እንደተላለፈባቸውና አንደኛው እንደሞቱ አስታውቋል። እኅትዎ ፕሬድኒሶሎን ስለሚወስዱ ይህ ለእርሳቸው የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ለጋሹ መድኃኒት ለተላመዱ ባክቴሪያዎች ጭምር መመርመሩን ይጠይቁ።

የገሊላ_ሰው

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እዚህ ባለነው ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የአንጀት ቁጣ በሽታ፣ በተለይ ክሮንስ፣ እየታየ መጥቷል፤ የእስራኤል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ በሽታው በመጤዎቹ ላይ የሚታየው በአገሩ ለዓመታት ከኖሩ በኋላ መሆኑን አመልክተዋል። ወላጆቻችን ይህን በሽታ በስም እንኳ አያውቁትም ነበር። የአጎቴ ልጅ ክሮንስ አለበት፤ ለእርሱስ ይህ ቱቦ ይሆናል?

ሐኪም_ዘአዲስ

ወንድሜ፣ ክሮንስ ትንሹን አንጀትም ይይዛል፤ ቱቦው የሚያፈስሰው ግን ወደ ትልቁ ነው። በተጨማሪም ክሮንስ ፊንጢጣ አካባቢ ፌስቱላና የአንጀት መጥበብ ያመጣል፤ ሁለቱም ቱቦ ለማሳለፍ እንቅፋት ናቸው። ናንጂንጎች በክሮንስ ላይም ሞክረዋል፤ እስራኤል ውስጥ ላለ ሰው ግን የታወቁት መድኃኒቶች በእጁ ስላሉ በዚህ አልጀምርም።

እንጦጦ_ሥር

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። አባታችን ለወራት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አለባቸው፤ አንድ ክሊኒክ ኮላይቲስ ነው ብሎ ስቴሮይድ ጀመረላቸው። ኮሎኖስኮፒ ግን አልተሠራላቸውም። ይህ ቱቦ አገራችን ውስጥ ይገኛል?

ሐኪም_ዘአዲስ

ልጄ፣ ስለ ቱቦው ከመነጋገራችን በፊት ምርመራው ይቅደም። በእኛ አገር ለወራት የቆየ ደም ያለበት ተቅማጥ ሲያጋጥም አሜባንና የአንጀት ሳንባ ነቀርሳን ሳያስወግዱ ስቴሮይድ መጀመር አደገኛ ነው። አሜባ ያለበት አንጀት ስቴሮይድ ሲሰጠው ሊቀደድ ይችላል፤ የአንጀት ቲቢም በስቴሮይድ ተሸፍኖ ይስፋፋል። በአባትዎ ዕድሜ ደግሞ ካንሰርም መታሰብ አለበት። የሰገራ ምርመራ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒና የአንጀት ናሙና ያስፈልጋቸዋል። ስቴሮይዱን ግን በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡባቸው፤ ነገውኑ ወደ ጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ይውሰዷቸው።

የሕፃናት_ቀዶ_ጥገና

ለመረጃ ያህል፣ ትልቁን አንጀት ከላይ ወደ ታች ማከም አዲስ ሐሳብ አይደለም። ማሎን የተባሉት ቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ትርፍ አንጀትን ከሆድ ቆዳ ጋር አገናኝተው በዚያ ቀዳዳ ውሃ በማስገባት አንጀትን የማጠብ ዘዴ አሳትመዋል። ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው የጀርባ አጥንታቸው ሳይዘጋ የተወለዱ፣ ሰገራ መቆጣጠር የማይችሉ ልጆች ናቸው፤ ይህ ችግር በኢትዮጵያም ብዙ ልጆችን የሚያጠቃ ነው። በእኔ አስተያየት የሁለቱ ልዩነት የጊዜ ነው፦ ለዓመታት በየቀኑ የሚታጠብ ልጅ ቋሚ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የሚታከም ሰው ግን ሆዱ ሳይቀደድ ተስቦ የሚወጣ ቱቦ ይሻለዋል። የአንጀት ቁጣ ላለበት ሰው በሆድ ላይ ቀዳዳ ማበጀት እኔም አልመርጥም።

ሰሜን_ኮከብ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለእኅቴ አንብቤላት ለሐኪሞቿ የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች አብረን አዘጋጅተናል፤ ኢኒማ መያዝ አለመቻሏንም ራሷ ትነግራቸዋለች። ጠያቂ አእምሮ ባነሡት መሠረት ደግሞ ሕክምናው በተመዘገበ ጥናት ውስጥ የሚሰጥ መሆን አለመሆኑን ትጠይቃለች። ዶክተር፣ የዘነጋነው ካለ ቢጨምሩልን።

ሐኪም_ዘአዲስ

ዋናው የቀረው ይህ ነው። ስቴሮይድ ሲቀነስ በሽታው የሚያገረሽበት ሰው የታወቁ ቀጣይ መድኃኒቶች አሉት፦ አዛቲዮፕሪን፣ ኢንፍሊክሲማብ፣ ቬዶሊዙማብና ሌሎችም። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተፈተኑት እነርሱ ናቸው። እኅትዎ «ከእነዚህ ይልቅ ቱቦው ለምን ቀደመ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ የወጪ ወይም የኢንሹራንስ ጉዳይ ከሆነ እርሱም በግልጽ ይነገራቸው፤ ሁለቱን አጣምሮ መስጠትም ይቻላል። ኮሎኖስኮፒው በሚሠራበት ጊዜ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ይፈለግ፣ በሰገራም ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ይመርመር፤ ስቴሮይድ የለመደ አንጀት እንደገና ሲደማ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደብቀው ይገኛሉ።

ባክቴሪያው በሚሰጥባቸው ቀናት በሌላ ምክንያት አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸው የሚያዝዘው ሐኪም ስለ ቱቦው ይወቅ፤ ያለዚያ በአንድ በኩል የሚተከለው በሌላ በኩል ይገደላል። ቱቦው ከወጣ በኋላም ክሊፖቹ ለሳምንታት ሊቆዩ ስለሚችሉ ኤም.አር.አይ. ከታዘዘላቸው አስቀድመው ይናገሩ፤ አንዳንዱ ክሊፕ ለዚያ ምርመራ አይፈቀድምና የክሊፑን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ከሆስፒታሉ ተቀብለው ይያዙ።